‹አቤቱታ› የድምፅ ስም ነበረ፦ ስለ አንድ የፍትሕ ቃል ታሪካዊ ፍቺዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመዝገበ ቃላት ሥራ ቃል ስንለቅም፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ አገሩ ወደ ተከዜ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በሰሃላ፣ አንድ አዛውንት የደረሰባቸውን አጫወቱን። በእርሻ ድንበር ጉዳይ ተበድለው ኖሮ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ቆሙ። በደላቸውንም ከመነሻው እስከ መድረሻው ተናገሩ። ጸሐፊው በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ፣ ‹‹አባቴ፣ መልካም ነው፤ አሁን አቤቱታዎን ይዘው ይምጡ›› አላቸው። አዛውንቱም፣ ‹‹እስካሁን ያልሁት ምንድን ነው ታዲያ?›› ብለው መለሱለት። እሳቸው ይህን ሲያወሩልን አልተቆጡም። የገረማቸው ነገር ጸሐፊው የተናገሩትን ሁሉ ሰምቶ ሳለ አቤቱታቸውን ግን እንዳልተቀበለ መቍጠሩ ነበር።

እኛ ደግሞ በሁለቱ ሰዎች መካከል የቆመችውን አንዲት ቃል ያዝን። ጸሐፊውም አዛውንቱም ‹አቤቱታ› የሚለውን ቃል በትክክል ተጠቅመውበታል። ልዩነታቸው አንደኛው በዛሬው ፍቺ፣ ሁለተኛው በጥንቱ ፍቺ መናገራቸው ነው። ለአንደኛው አቤቱታ ወረቀት ነው፤ ለሌላው ድምፅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቃሉ የጥንት ፍቺ ድምፅ እንደ ነበረ፣ ይህም በቃሉ ቅርጽ ላይ እስከ ዛሬ ተጽፎ እንደሚገኝ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጂና ተርጓሚም ይህን ሲዘነጉ ምን እንደሚጠፋ ነው።

ከቅርጹ እንጀምር። በአማርኛ ‹አለ› ከሚለው ግሥ ጋር ተጣምረው የሚነገሩ ቃሎች ስም ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ‹-ታ› የምትባለውን ቅጥያ ይወስዳሉ። ዝም ካለ ዝምታ፣ ጸጥ ካለ ጸጥታ፣ ደስ ካለው ደስታ ይወጣል። ሰው በአፉ የሚያወጣቸው ጩኸቶችና መልሶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፦ ‹እሺ› እሺታ፣ ‹እምቢ› እምቢታ፣ ‹እልል› እልልታ፣ ‹ሆ› ሆታ፣ ‹ዋይ› ዋይታ፣ ‹ኡኡ› ኡኡታ፣ ‹እሪ› እሪታ። ‹አቤቱታ› የዚህ ቤተ ሰብ አባል ነው። ልብ ማለት የሚገባው፣ ቃሉ በቀጥታ ከ‹አቤት› ቢወጣ ኖሮ በመካከሉ ያለችው ‹ኡ› ከየት መጣች ተብሎ ይጠየቅ ነበር። መሠረቱ ‹አቤቱ› የሚለው የጥሪ ቃል ነው። በዳዊት መዝሙር የግእዙ ‹እግዚኦ› በአማርኛው ‹አቤቱ› ሆኖ የሚነበበው ይኸው ነው። የሁለቱ ዝምድና በስሙም ላይ ይታያል፤ ‹እግዚኦ› ከሚለው ጥሪ ‹እግዚኦታ› እንደ ተገኘ፣ ‹አቤቱ› ከሚለው ጥሪ ‹አቤቱታ› ተገኘ። ዝናብ ሲጠፋ ሕዝቡ በምሕላ ወደ ፈጣሪ የሚያሰማው እግዚኦታ ነው፤ ዳኛ ሲጠፋ ወደ ገዢ የሚያሰማው አቤቱታ ነው። ማንም እግዚኦታን ወረቀት ነው አይልም።

ስለ ‹አቤት› ምንጭ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ትልቅ ወንድ ሲጠራ ‹አቤት› ማለት፣ ጠሪዋ ሴት እመቤት ስትሆን ደግሞ ‹እመት› ብሎ መመለስ የቆየ ወግ ነው። ‹እመት› ከ‹እመ ቤት› ማለትም ከቤት እናት እንደ መጣ ግልጽ ነው። ‹አቤት›ን ከ‹አበ ቤት›፣ ከቤት አባት፣ የሚያወጡት ሊቃውንት በዚህ ጥንድ ይደገፋሉ፤ እኛም አሳማኝ ሆኖ አግኝተነዋል። ‹እመ ቤት› ሙሉውን ‹እመቤት› ሆኖ ሲቀር ‹አበ ቤት› ያልቀረበት ምክንያት፣ ሁለት ‹በ› ጎን ለጎን ስለ ገጠሙ አንደኛው በመዋጡ ይመስለናል። ምላስ ተመሳሳይ ቀለም ሁለት ጊዜ መድገም አይወድም። ‹አቤቶ› የሚለው የመሳፍንት ማዕርግም ከዚሁ ግንድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ‹ኦ› በግእዝ ‹እግዚኦ› ላይ እንደምናያት የመጥሪያ ‹ኦ› ናት። የሸዋው ነጋሢ በታሪክ ‹አቤቶ ነጋሢ› ተብሎ ይታወቃል። ‹ጌታዬ ሆይ› የሚለው ጥሪ በአንድ በኩል ማዕርግ፣ በሌላ በኩል ጸሎት፣ በሦስተኛው በኩል ደግሞ የተበደለ ሰው ጩኸት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ‹አቤት› የጌታ መጥሪያ ከሆነ፣ ዛሬ እንዴት ለተጠራ ሰው መልስ ሆነ? ነገሩ የሚመስለውን ያህል አያስቸግርም። በሁለቱም ጊዜ ታናሹ ታላቁን ‹ጌታዬ!› እያለው ነው። ልዩነቱ ንግግሩን ማን ጀመረው የሚለው ብቻ ነው። ጌታ ጠርቶት ‹አቤት› ካለ መልስ ይሆናል፤ ሳይጠራ ከደጅ ቆሞ ‹አቤት› ካለ አቤቱታ ይሆናል። ያልተሰማ ነገር ለማስደገም ‹አቤት?› ማለታችን ከመልሱ የተወለደ ነው፤ ‹አቤት ግሩም!› እያልን መደነቃችን ደግሞ ወደ አምላክ ከሚወጣው ጥሪ የቀረ ይመስላል።

ይህ ለተርጓሚ ተራ ዝርዝር አይደለም። ‹‹ሰውየው ከሰሃላ ሰቆጣ ወጥቶ አቤት አለ›› የሚል አረፍተ ነገር ቢያጋጥመን፣ የዛሬ ወጣት ተርጓሚ ‹መለሰ› ወይም ‹እዚህ ነኝ አለ› ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ሰውየው ዳኝነት ጠየቀ ነው። ምልክቱ ጠሪ አለመኖሩ ነው። በአሮጌ ጽሑፍ ‹አቤት አለ› ባየን ቍጥር አስቀድሞ የጠራው ሰው አለ ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ደጅ እንለፍ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 (እ.ኤ.አ.) በጎንደር ሳለ ያየውን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሲገልጥ፣ ፍትሕ ፈላጊዎች ከማለዳ ጀምረው እስከ ምሽት በንጉሡ በርና መስኮት አጠገብ በሚያውቁት ቋንቋ ሁሉ እየጮሁ ይውሉ እንደ ነበር ይናገራል። እንዲያውም ክረምት ሆኖ ጯኺ ሲታጣ፣ ቤተ መንግሥቱ ጭር እንዳይል በደመወዝ የሚጮሁ ሰዎች ይቀጠሩ ነበር ይላል። ይህን ያነበበ ሰው መሳቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ማስረጃ አለበት። ጩኸቱ የሥርዓቱ አካል ስለ ነበረ የንጉሥነት ምልክት እስከ መሆን ደርሷል። አቤት የማይባልበት ደጅ የንጉሥ ደጅ አልነበረም።

ብሩስ ጩኸቱን በራሱ ፊደል ሲጽፈው ‹ረቴ ኦ ጃን ሆይ› ለሚለው የቀረበ አድርጎ፣ ‹ንጉሤ ሆይ ፍረድልኝ› በሚል ፈትቶታል። ‹ረቴ› ያለውን ከ‹ረታ› ጋር ማገናኘት የሚቻል ይመስለናል፤ የግእዙ ‹ረትዐ› ቀና፣ ትክክል ሆነ ማለት ሲሆን፣ አማርኛው ‹ረታ› በሙግት ማሸነፍን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ‹ጃን› ደግሞ የንጉሥ የሆነውን ሁሉ የሚያመለክት ቃል ነበር፤ ጃን ሜዳ፣ ጃን ጥላ፣ ጃን ደረባ፣ በጎንደርም ጃን ተከል ይመሰክራሉ። ቃሉን ከአገው ቋንቋዎችና ከዛጕዌ ዘመን ጋር የሚያያይዙ ሊቃውንት አሉ፤ በትውፊት የላሊበላ አባት ጃን ስዩም መባሉንም ያነሣሉ። እንዲህ ከሆነ፣ የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጕዌ ነገሥታት ስለሚቈጥሩ፣ አማራውም አገውም በንጉሥ ደጅ የጮኸበት ቃል ከዋግና ከላስታ ደጋ የወረደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዋግ ሹሞች አንዱ፣ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ የሰቆጣ ሰው ትናንት በገዛ አገሩ ደጅ የጮኸለትን ሰው ‹ጃን ሆይ› ሊለው በቅቷል።

ደጅ ካልን ዘንድ ‹ደጅ ጥናት›ን ሳንነካ ማለፍ አይቻልም፤ ተርጓሚዎች ከአቤቱታ ጋር ያደባልቁታልና። ደጅ የሚጠና ሰው አይጮኽም፤ ይታያል እንጂ። ጌታው ሲገባና ሲወጣ ፊቱን እያሳየ፣ አንዳንዴ ለወራት፣ ሹመት ወይም ርስት ወይም ምሕረት እስኪያገኝ ይቆያል። በአቤቱታ መብት ይጠየቃል፤ በደጅ ጥናት ሞገስ ይፈለጋል። የላቲኑ ‹ፔቲቲዮ› ሁለቱንም በአንድ ቃል ይይዛል። ሮማውያን ለሹመት መወዳደርንም በዳኛ ፊት ይገባኛል ማለትንም ‹ፔቲቲዮ› ብለውታል። ከዚህ ቃል የወጡትን የአውሮፓ ቃሎች ሁሉ በ‹አቤቱታ› የሚተረጕም ሰው፣ አማርኛ የለየውን ይደባልቃል። በአንጻሩ የአማርኛውን ደጅ ጥናት ‹አቤቱታ› ብሎ የሚያስተላልፍ፣ ሞገስ ለማኙን መብት ጠያቂ ያደርገዋል።

አማርኛ የፍትሕ ቃሎቹን ከሰው አፍ በቀጥታ መውሰዱ በ‹አቤቱታ› ብቻ አላበቃም። ‹ይግባኝ› ትእዛዝ አዘል ግሥ ነው፤ ከነባለቤቱና ከነተሳቢው ሙሉ አረፍተ ነገር ሆኖ ሳለ ስም ሆኗል። ‹የይገባኛል ጥያቄ› የምንለውም እንዲሁ ነው። ‹በሕግ አምላክ›፣ ‹የዳኛ ያለህ› የሚሉትን አንባቢ ያውቃቸዋል። ዛሬ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የይግባኙ ባለቤት ‹ይግባኝ ባይ› ተብሎ ይጻፋል፤ በደል የሚያሰማውም ‹አቤት ባይ› ነው። ‹ባይ› ማለት የሚል፣ የሚናገር ማለት ነው። መዝገቡ በወረቀት ላይ ቢሆንም የሰውየው ስም ዛሬም ተናጋሪ ነው።

ወረቀቱ መቼ ገባ? በአንድ ቀን አልገባም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱ ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ፤ ማዕርጉ ራሱ ‹የንጉሥ አፍ› ማለት እንደ ሆነ ልብ ይሏል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ዜጎች በሕግ ሥርዓት ለመንግሥት ጥያቄያቸውን የማቅረብ መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ የማቅረብን መብት አስፍሯል። በዚያ ዘመን ከመኪናቸው ፊት ተንበርክኮ ወረቀት የሚዘረጋውን ሰው ብዙዎቻችን በሥዕልም በወሬም እናውቀዋለን። እጁ ወረቀት ይይዛል፤ አፉ ‹አቤት! ጃንሆይ!› ይላል። ሁለቱ ዘመኖች በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል።

‹ማመልከቻ› የሚለው ቃል የወረቀቱ ትክክለኛ ስም ነው። ‹አመለከተ› ማሳየት ነው፤ ‹ምልክት› ከዚያው ይወጣል። በኦቶማን ቱርኮች አስተዳደር ማመልከቻ ‹አርዙሃል› ይባል ነበር፤ የሁኔታ አቀራረብ እንደ ማለት ነው። ሁለቱም ቃሎች ከዐይን ጋር የተያያዙ ናቸው። ‹ማመልከቻ› በአማርኛ ቦታውን ቢያገኝም፣ ወረቀቱ ‹አቤቱታ› የሚለውንም ስም ጨምሮ ወሰደ። በየፍርድ ቤቱ ደጅ የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች የሚሠሩት በትክክል ይህን ሽግግር ነው፤ ባላገሩ በቃሉ ያለውን ሰምተው፣ ‹‹ጉዳዩ›› ብለው ጀምረው ‹‹ከሰላምታ ጋር›› ብለው የሚያበቃ ወረቀት ያደርጉታል። በዚህ መካከል ከባላገሩ አነጋገር ብዙ ነገር ይቀራል፤ ይህ ግን ሌላ ጥናት የሚጠይቅ ነው።

የቃሉን ጕዞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው አብሮት የሚሄደው ግሥ ነው። ድሮ አቤቱታ ‹ይሰማ› ነበር፤ ‹አቤቱታውን አሰማ› ይባላል። ቀጥሎ ‹አቀረበ› መጣ፤ ይህ ለቃልም ለወረቀትም ይሆናል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው ‹አስገባ› ነው፤ የሚገባ ነገር ደግሞ ዕቃ እንጂ ድምፅ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ30ኛው አንቀጽ ርእስ ላይ ‹አቤቱታ የማቅረብ መብት› ይላል። ምርጫው መልካም ነው፤ ‹ማቅረብ› በሩን ለሁለቱም ክፍት ትቷልና። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ወይም በመመሪያ ሲብራራ ‹ማስገባት› ሆኖ ከጠበበ ግን፣ መጻፍ የማይችለው ሰው ከመብቱ ውጭ ይሆናል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ታሪክ እናስታውስ። በ1958 ዓ.ም. ዋግ አውራጃ በነበረበት በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረኃብ ገብቶ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ፣ የረኃቡ ሪፖርት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲተላለፍ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን እንደ ፈጀበት መዝግበዋል። የተሰጠውም መልስ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ ረኃብ ሲገባ ከወሎ የተነሡ ገበሬዎች ወረቀት ሳይልኩ ራሳቸው በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከከተማው ሳይገቡ በፖሊስ ተመለሱ። የፊተኛው በቢሮ ሰንሰለት የሄደ ጽሑፍ ነበር፤ የኋለኛው የጥንቱ አቤት ነበር። ሁለቱም በወቅቱ ሰሚ አላገኙም። ይሁንና የኋለኛው ለ302 ቀን በመሳቢያ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ነገር አልነበረም።

የሕጉን ቋንቋ ስንመረምር ደግሞ የጥንቱ ፍቺ ጨርሶ እንዳልሞተ እናያለን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ክስ ወይም አቤቱታ ሲቀርብ ተቀባዩ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ለአቅራቢው አንብቦለት፣ ቀን ጽፎበት እንዲያስፈርመው ያዛል። እዚህ ላይ የመጻፍ ግዴታ የተጣለው በሰሚው ላይ ነው። አቤቱታው ድምፅ ነው፤ ጽሑፉ የድምፁ መዝገብ ነው። የሰሃላው አዛውንት በአእምሯቸው የያዙት ሥርዓት ከዚህ አልራቀም። ‹‹ማመልከቻ የወረቀት ነው፤ አቤት የአፍ ነው›› ብለውናል፤ ሰው ሲያስረዳ እንጂ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ እንዲህ አጥርቶ የተናገረ ሰው ብዙ አላጋጠመንም። በቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣና ነው፤ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ግን አቤት የሚሉት በአማርኛ ነው። የእሳቸው አማርኛ በትምህርት ቤት ሳይሆን በችሎት ደጅ የተማሩት በመሆኑ የጥንቱን ፍቺ ጠብቆ ቢገኝ አያስደንቅም።

በዘመናችን ስለ ተፈጠሩት ስያሜዎች አንድ መልካም ምሳሌ ሳንጠቅስ ብናልፍ ንፉግ እንሆናለን። በአዋጅ ቍጥር 211/1992 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በስዊድን ቋንቋ ‹ኦምቡድስማን› የሚባለው ነው፤ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ እንደራሴ፣ ወኪል ማለት ይሆናል። የአማርኛው ስም ግን ‹የሕዝብ እንባ ጠባቂ› ሆነ። ተርጓሚዎቹ የቢሮውን ባለ ሥልጣን ትተው በደጁ የቆመውን ሰው ፊት ተረጐሙ። እንባ እንደ ድምፅ ሁሉ ራፖር ጸሐፊ አያስፈልገውም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ስያሜውን ለሕግ ቋንቋ ስሜታዊ ነው ብለው ይነቅፉታል፤ እኛ ግን ከተሳኩት ጥቂት ስያሜዎች እንቈጥረዋለን።

መዛግብተ ቃላቶቻችን እንደ ልማድ የአንድን ቃል ፍቺዎች ያለ ዘመን ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይደረድራሉ። ለ‹አቤቱታ› ይህ አይበቃም። በምናዘጋጀው ረቂቅ ውስጥ መደቡን ‹ከ«አቤቱ» የወጣ የድምፅ ስም› ብለን፣ እንደ እሪታ፣ ዋይታና እግዚኦታ ያሉትን ዘመዶቹን ጠቍመናል። አንደኛ ፍቺ፦ ‹አቤት፣ አቤቱ› እያሉ ለዳኛ ወይም ለገዢ በደልን ማሰማት። ሁለተኛ ፍቺ፦ በዚህ መልክ የተሰማው ነገር፣ ስሞታው። ሦስተኛ ፍቺ፦ ይህ የሰፈረበት ጽሑፍ። ለሦስተኛው ፍቺ ብቻ የሚሆን ቃል በተፈለገ ጊዜ ‹ማመልከቻ› ወይም ‹የአቤቱታ ጽሑፍ› እንዲባል፣ ‹ስሞታ›፣ ‹ክስ› እና ‹ይግባኝ›ም በየራሳቸው ቦታ እንዲቆዩ ሐሳብ እናቀርባለን። ከግሦቹም ለመጀመሪያው ፍቺ ‹አሰማ›፣ ለሁለተኛው ‹አቀረበ›፣ ለሦስተኛው ‹አስገባ› በምሳሌ አረፍተ ነገር ተያይዘው ገብተዋል፤ ለ‹አሰማ› የተመረጠው ምሳሌ ከሰሃላ የተለቀመው ነው።